ስለ ልብ ምት እመኑት፣ ስለ ካሎሪ ግን አትመኑት፦ የስማርት ሰዓት ግምገማ

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። ይህ የእጅ ሰዓት የልብ ምትንና የእንቅልፍን ርዝመት በመከታተል ረገድ ደህና ረዳት ነው፤ ስለ ካሎሪ የሚነግረውን ግን ጨርሶ መስማት አያስፈልግም። ይህን ለይቶ የሚይዝ ሰው ይጠቀምበታል። የሰዓቱን ቁጥር ሁሉ እንዳለ የሚቀበል ሰው ደግሞ ባይገዛው ይሻለዋል።

በሆስፒታል ውስጥ በፈረቃ የምሠራ ነርስ ነኝ። አልጋ ላይ ከማገኛቸው ታካሚዎች ብዙዎቹ ለዚያ የበቁት ለዓመታት ድምፁን አጥፍቶ በቆየ የደም ግፊት ወይም የስኳር ሕመም ነው። ስለዚህ ሰውን ከወንበሩ የሚያስነሳና በጊዜ የሚያስተኛ መሣሪያ ሁሉ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው፤ የማይረባ ከሆነም ዝም ብዬ አላልፈውም።

የታካሚ የልብ ምት መቁጠር የዕለት ተዕለት ሥራዬ ስለሆነ ሰዓቱን የፈተንኩት በገዛ ጣቶቼ ነው። ግራ እጄ ላይ አሰርኩት፤ ጥቂት ተቀምጬ ካረፍኩ በኋላ የግራ እጄን ሁለት ጣቶች በቀኝ አውራ ጣቴ ግርጌ ባለው የደም ሥር ላይ አሳርፌ፣ የግድግዳውን ሰዓት እያየሁ ሙሉ 60 ሴኮንድ ቆጠርኩ። እኔ 74 አገኘሁ፤ እሱ 73 አለ። ደረጃ ወጥቼ ስደግመውም ልዩነቱ ያን ያህል አልሰፋም። ገመድ ስዘል ግን ነገሩ ተበላሸ፤ ቁጥሩ አንዴ ሽቅብ ይወጣል፣ አንዴ ቁልቁል ይወርዳል።

ምክንያቱ ከአሠራሩ የሚመጣ ነው። ከሰዓቱ ጀርባ የሚበራው አረንጓዴ ብርሃን ቆዳን አልፎ ይገባል፤ ደም ደግሞ አረንጓዴ ብርሃንን በደንብ ይመጥጣል። ልብ በመታ ቁጥር የደም ሥሮች ሞላ ስለሚሉ ተንጸባርቆ የሚመለሰው ብርሃን ይቀንሳል፤ ሰዓቱ የሚቆጥረው ይህንን መዋዠቅ ነው። እጅ በኃይል ሲወዛወዝ፣ ማሰሪያው ሲላላ፣ ጣትና ክንድ ሲቀዘቅዝ ወይም ከሥሩ ንቅሳት ሲኖር ንባቡ ይዛባል። ከእጅ አንጓው አጥንት የጣት ስፋት ያህል ከፍ አድርጎ፣ ቆዳን ሳያስጨንቅ ነገር ግን ሳይንሸራተት ማሰር ብዙውን ችግር ይፈታል።

ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ጥቅሙ በዕረፍት ጊዜ ያለውን የልብ ምት በየቀኑ መመዝገቡ ነው። በዐዋቂ ሰው ላይ ይህ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ይሆናል። አዘውትሮ የሚንቀሳቀስ ሰው ልብ በአንድ ምት ብዙ ደም ስለሚረጭ ቁጥሩ ዝቅ ይላል፤ በብርቱ የሚሠለጥኑ ስፖርተኞች ላይ ከ60 በታች መውረዱም የተለመደ ነው። ፈጠን ያለ የእግር ጉዞን ልማዴ ካደረግኩ በኋላ የእኔ ቁጥር ቀስ በቀስ ከ70 በታች ወረደ። ሚዛኑ ምንም ሳያሳይ፣ ልብሴም ሳይሰፋኝ፣ ልቤ መጀመሪያ መልስ ሰጠኝ። ክብደታቸው አልቀንስ ብሎ ተስፋ ለሚቆርጡ ሰዎች ይህን ቁጥር እንዲያዩ የምመክራቸው ለዚህ ነው። አንድ ቀን ማለዳ ደግሞ ቁጥሩ ከወትሮው በ8 ከፍ ብሎ አየሁ። የዚያን ቀን ልምምድ ትቼ ተኛሁ፤ ማታ ትኩሳት ጀመረኝ። ሰዓቱ በሽታውን አወቀ ማለቴ አይደለም፤ ሰውነቴ ዕረፍት እንደሚፈልግ ግን ከእኔ ቀድሞ አሳይቶኛል።

እርምጃን በተመለከተ ሰዓቱ ከሳጥኑ ሲወጣ ጀምሮ ዒላማው 10,000 ላይ ተቀምጧል። ይህ ቁጥር ከሕክምና ጥናት የመጣ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። ምንጩ ግን ከቶኪዮ ኦሊምፒክ ማግስት፣ በ1965 እ.ኤ.አ. በጃፓን ለገበያ የቀረበ የእርምጃ መቁጠሪያ ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በዕድሜ የገፉ ሴቶችን የተከታተለ ጥናት በቀን ወደ 4,400 እርምጃ የሚራመዱት 2,700 ገደማ ከሚራመዱት ይልቅ የመሞት ዕድላቸው ዝቅ ያለ መሆኑን፣ ጥቅሙም ወደ 7,500 ሲደርስ መጨመሩን እንደሚያቆም አሳይቷል። ስለዚህ ዒላማውን ከቅንብሩ ገብቼ ዝቅ አደረግኩት፤ እናንተም ዛሬ ከምትራመዱት በ1,000 ብቻ ከፍ አድርጋችሁ ጀምሩ። በየምሽቱ «አልተሳካም» የሚል ምልክት የሚያይ ሰው ውሎ አድሮ ሰዓቱን መሳቢያ ውስጥ ይጥለዋል።

ከእርምጃ ይልቅ የምወደው የሳምንቱን የእንቅስቃሴ ደቂቃዎች የሚደምረውን ገጽ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ዐዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል፤ እንቅስቃሴው ቢያንስ ለ10 ደቂቃ ሳይቋረጥ መቀጠል አለበት የሚለውን የቀድሞ መስፈርትም አስቀርቷል። ለእኔ ቢጤ በአልጋዎች መካከል ሲመላለስ ለሚውል ሰው ይህ ትልቅ ለውጥ ነው። ይሁን እንጂ መመሪያው በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻን የሚያጠነክር ሥራም ይጠይቃል፤ ሰዓቱ ይህን ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ግድግዳ ተደግፌ ቁጭ ብድግ ስል፣ መሬት ላይ ፑሽአፕ ስሠራ ያረፍኩ ይመስለዋል። የእንቅስቃሴውን ብርታት ለመለካትም ቢሆን የሰዓቱን ባለቀለም ደረጃዎች ብዙም አላምናቸውም፤ ከ220 ላይ ዕድሜን በመቀነስ ከሚገኝ ግምት የተነሡ ናቸውና ለብዙ ሰው አይገጥሙም። እየተራመዳችሁ ማውራት የምትችሉ፣ መዝፈን ግን የማትችሉ ከሆነ መካከለኛው ደረጃ ላይ ናችሁ።

እንቅልፍ ላይ ስንደርስ ምስጋናዬም ቅሬታዬም ይበዛል። ስንት ሰዓት እንደተኛሁ የሚነግረኝ ከእውነታው የራቀ አይደለም። ዐዋቂ ሰው ቢያንስ 7 ሰዓት መተኛት እንዳለበት ለታካሚ ስናገር ኖሬያለሁ፤ የራሴን ሳምንት በሰንጠረዥ ማየት ግን ምክሬን በራሴ ላይ እንድፈጽም አስጨከነኝ። «ጥልቅ እንቅልፍ»፣ «ሕልም ያለበት እንቅልፍ» እያለ በደቂቃ ሲከፋፍለው ግን አትጨነቁበት። የእንቅልፍ ደረጃዎች በትክክል የሚታወቁት የአንጎል ሞገድ ሲለካ ነው፤ ሰዓቱ ከእጅ እንቅስቃሴና ከልብ ምት ተነሥቶ ይገምታል። ቅሬታዬ ደግሞ ይህ ነው፦ ከሌሊት ፈረቃ ወጥቼ ጠዋት ስተኛ ዋናውን እንቅልፌን ሸለብታ ብሎ ይመዘግብና ማታ «ዛሬ አልተኛሽም» እያለ ይወቅሰኛል። ሌሊቱን ቆመው የሚያድሩ ነርሶች፣ ጠባቂዎችና ሾፌሮች በዓለም ዙሪያ ስንት ናቸው? ዕረፍት የሚያስፈልገን እኛ ሆነን ሳለ የተረሳነው እኛ ነን።

አሁን ወደ ካሎሪው። በ2017 እ.ኤ.አ. የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሰባት መሰል መሣሪያዎችን ፈትነው ነበር። ስድስቱ የልብ ምትን ከ5 በመቶ ባነሰ ስሕተት ለኩ፤ በተቃጠለ ኃይል ልኬት ግን ከሁሉም የተሻለው እንኳ በአማካይ በ27 በመቶ ስቷል። ሰዓቱ ስንት ጡንቻ እንዳላችሁ የሚያውቅበት መንገድ የለውም፤ ዕድሜን፣ ጾታን፣ ቁመትንና ክብደትን ይዞ ይገምታል። አደጋው የሚመጣው ሰው በዚህ ግምት ሲበላ ነው። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ከእግር ጉዞ ስትመለስ ስክሪኑ ላይ 400 አይታ «ይህን ያህልማ ይገባኛል» ብላ የጣፋጭ ሳጥን ከፈተች። እጇን ይዤ አልከለከልኳትም፤ ቁጥሩን ከፊት ገጽ ላይ እንድታነሣው ግን ለመንኳት፤ አነሣችውም። እኔም የራሴን ደብቄዋለሁ፤ የምበላውን ሁሉ መዝግቢ የሚለውንም ገጽ ዘግቼዋለሁ። በእሱ ምትክ የምጠብቃቸው ነገሮች ጥቂት ናቸው፦ አትክልትና ፍራፍሬ በቀን ከ400 ግራም እንዳያንስ፣ ጨው ከ5 ግራም እንዳይበልጥ፣ ውኃ እንጂ ስኳር የበዛበት መጠጥ ጥም መቁረጫ እንዳይሆን። በደንብ ያልተኛሁ ቀን ጣፋጭ እንደሚያምረኝም አውቃለሁ፤ እንቅልፍ ሲጓደል ረሃብን የሚቆጣጠሩት ሆርሞኖች ይዛባሉ። ያን ቀን የሚበጀኝ የካሎሪ ቆጠራ ሳይሆን በጊዜ መተኛት ነው።

ባትሪው አያሳስብም፤ ገላዬን ስታጠብ ቻርጅ ማድረግ ይበቃኛል። የጎማ ማሰሪያው ሥር ላብና ሳሙና ሲጠራቀም ቆዳዬን ስላሳከከኝ በጨርቅ ማሰሪያ ለወጥኩት።

የደም ግፊት ወይም የልብ መድኃኒት የምትወስዱ ሰዎች ከመግዛታችሁ በፊት ሐኪማችሁን ጠይቁ። ቤታ ብሎከር የሚባሉት መድኃኒቶች የልብን ምት ስለሚያዘገዩ ሰዓቱ «አልበረታህም፣ ጨምር» እያለ ከአቅም በላይ ሊገፋፋ ይችላል። የደረት ሕመም፣ ያልተለመደ የትንፋሽ ማጠር ወይም ራስን የመሳት ስሜት ከመጣ ደግሞ ስክሪኑ ምንም አለ ምንም፣ እንቅስቃሴውን አቁሞ ወዲያውኑ ሕክምና መፈለግ ነው።