«ዛሬ አንሄድም» ላለን የስቫኔቲ ሰው

ይህን ምስጋና ልጽፍ ልጽፍ እያልኩ ሦስት ሳምንት አለፈኝ። ጉልበቴም ገና አሁን ነው ደህና የሆነው።

በጥር ወር ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ጆርጂያ ሄደን ነበር፣ በረዶ ላይ ስኪ ልንነዳ። ያመራነው ካውካሰስ መሀል ወደተወሸቀችው ስቫኔቲ ነው። ከዙግዲዲ በሚኒባስ የእንጉሪን ወንዝ ይዘን ሽቅብ ወጣን። መንገዱ ሲጠማዘዝ ሆድም አብሮ ይጠማዘዛል። ያረፍንባት መስቲያ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ሃትስቫሊ በሚባለው ቦታ፣ ባለ ሁለት ጫፉን የኡሽባ ተራራ እያየን በሰላም ተንሸራተትን።

በሦስተኛው ቀን ማንም ያልረገጠው በረዶ አማረን። የተራራ መሪ ቀጠርን። ወደኋላ እንዳያንሸራትተን ስኪያችን ሥር ፀጉራም ጨርቅ ለጥፈን ሁለት ሰዓት ያህል ሽቅብ ወጣን። አናቱ ሊደረስ ትንሽ ሲቀረው ሰውዬው ቆመ። አካፋውን አውጥቶ እስከ ወገቡ ቆፈረ። ከጉድጓዱ ግድግዳ ላይ አንድ የበረዶ ምሰሶ ቆርጦ ለየና አካፋውን አናቱ ላይ አስተኛው። ከዚያ ይመታው ጀመር። አሥር ጊዜ በእጅ አንጓው ብቻ፣ ቀስ አድርጎ። ቀጥሎ ከክርኑ። ከትከሻ የሚመታም አሥር ነበረው፣ ግን አልደረሰበትም። ከክርኑ ሁለተኛውን ሲመታ የላይኛው በረዶ እንደ መሳቢያ ተንሸራቶ ወጣ። ከሥሩ ያለውን ዘግኖ አሳየን፤ እንደ ስኳር በጣቶቹ መሀል ፈሰሰ።

«ዛሬ አንሄድም» አለ። የላይኛው በረዶ እንዲህ በቀላሉ ከተንሸራተተ፣ እኛ ስንሄድበትም ተንዶ ይዞን ሊወርድ ይችላል ማለት ነው።

እውነቱን ልናገር፣ ተናደድኩ። ያን ሁሉ አገር አቋርጬ መጥቼ! እስከዚያች ዛፍ ብቻ ብዬ ለመንኩት። ወይ ፍንክች! አልተቆጣም፣ አልተከራከረም፤ ስኪውን አዞረ። ታች ስንደርስ ደግሞ ግማሽ ብቻ ክፈሉኝ አለ። ሙሉውን ሰጠነው፤ ከዚያ በኋላ ላደረገልን እንዲያውም አንሷል።

ምክንያቱም ቀኑን ሙሉ ይዞን ዞረ። መጀመሪያ አክስቱ ቤት ወሰደን። ግቢያቸው ውስጥ ከ20 ሜትር በላይ የሚሆን የድንጋይ ግንብ ቆሟል። መንደሩ በእንዲህ ያለ ግንብ የተሞላ ነው፤ ወራሪ ሲመጣ ወይም ደም ሲፈላለጉ ቤተሰብ የሚሸሸግበት ነበር። እትዬ ኩብዳሪ ጋገሩልን፤ ውስጡ የተከተፈ ሥጋ ያለበት ቂጣ ነው። ቅመሙን ሳሸተው አብሽና ድንብላል መጣብኝ። የስቫን ጨው የሚሉት ነው፤ ነጭ ሽንኩርትም አለበት። በቋንቋ አልተግባባንም፣ ግን ሌላ ቁራጭ ሳህኔ ላይ ሲጥሉ «በሞቴ» እንዳሉኝ ገብቶኛል። አረቄ ሲቀዳ የመጀመሪያው ጽዋ ለእግዚአብሔር፣ ሁለተኛው ለሊቃነ መላእክት፣ ሦስተኛው ለቅዱስ ጊዮርጊስ ነው። እነሱ ጅግራግ ይሉታል።

ከሰዓት ሙዚየም ገባን። እኔ ብቻዬን ብሆን በአንድ ሥዕል ፊት ዝም ብዬ አልፍ ነበር። ሰውዬው ክንዴን ያዘና ከፈረሱ እግር ሥር ጠቆመኝ። ጊዮርጊስ ነው፣ ጦሩም አለ፣ ዘንዶው ግን የለም። የሚወጋው ዘውድ የደፋ ሰው ነው። ማን ነው አልኩት። «ዲዮቅልጥያኖስ!» ሰማዕታትን የፈጀው፣ በየገድሉ የምናውቀው ንጉሥ! እዚያ አገር ብዙ ቦታ እንዲህ ነው የሚሥሉት። ጓደኛዬ «ደግ አደረገ» ብሎ ሙዚየሙን በሳቅ አናጋው።

እንግዲህ ወደዚያ የምትሄዱ ካላችሁ እሱን ያዙ። እንግሊዝኛው ትንሽ ነው፣ ግን ሲቆፍርና ሲያሳይ ቃል አያስፈልገውም። ጠዋት ትንሽ ያረፍዳል። የመኪናው ማሞቂያ አይሠራም፣ ጓንታችሁን እንዳታወልቁ። ስልኩን አደባባይ ላይ አላወጣውም፤ የምትፈልጉ በውስጥ ጠይቁኝ፣ እሱን አስፈቅጄ እሰጣችኋለሁ።