የፔጆ 504 እና 404 ባለቤቶች ሆይ፣ አሮጌውን ፖምፓ አሳልፋችሁ አትስጡ

በድሬዳዋና በሐረር ባለ ኢንጀክሽን ፔጆ (ቤንዚኑን በፖምፓ እየረጨ ለሞተሩ የሚሰጥ) በግቢያችሁ ያቆማችሁ ሁሉ፣ ይህን ሳታነቡ ከማንም ጋር አትዋዋሉ። «ሙሉ የጉልበት ማሻሻያ» የሚል ዕቃ ይዞ አሮጌ መኪና ያለበትን ቤት እያጠያየቀ የሚመጣ ነጋዴ አለ። ስሙን አልጠራም፤ አካሄዱን ግን አንድም ሳላስቀር እነግራችኋለሁ። ዋጋው ውድ፣ ዕቃው ደካማ ነው። ከሁሉ የከፋው ግን ስምምነቱ ሊያልቅ ሲል እንደ ቸርነት ጣል የሚያደርጋት አንዲት ቃል ናት፦ «አሮጌውን ፖምፓ እኔ እወስድልሃለሁ፤ ሃያ ሺህ ብር አስብልሃለሁ።» እኔ ሰጠሁት። አሁን እጄን እየበላኝ እጽፋለሁ።

መኪናዋ የአባቴ ናት። አባቴ ካረፈ በኋላ ሳቢያን ባለው ግቢያችን፣ ከኒም ዛፉ ሥር፣ እኔ ነኝ የምንከባከባት። 504 ነች፤ ሞተሯ 1971 ሲሲ፣ ቤንዚኑ በካርቡሬተር ሳይሆን በፖምፓ የሚረጭ። እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣ የቤተሰብ መኪና ሆኖ ሳለ በአራቱም ጎማ የዲስክ ፍሬን ያለው፣ የኋላ ጎማዎቹ እያንዳንዳቸው ራሳቸውን ችለው ጉድጓዱን የሚቀበሉ ነው። አባቴ የደንገጎን ዳገት ሲወጣባት የጭነት መኪናዎችን ተራ በተራ እያለፈ ነበር። ባለፉት ሁለት ዓመታት ግን ዳገቱ መሐል ላይ ትንፋሽ ያጥራት፣ ከማርሚታዋም ጥቁር ጭስ ይወጣ ጀመር። ካንዴላውን ለወጥኩ፣ የቫልቭ ክፍተቱን አስተካከልኩ፣ አየር ማጣሪያውን ቀየርኩ። አልተሻላትም።

ነጋዴው የመጣው በዚህ ጊዜ ነው። መለዋወጫ እየጠየቅሁ ከሱቅ ሱቅ ስዞር ሰምቶ ይሁን አላውቅም፤ ብቻ አንድ ቅዳሜ ጠዋት በሩን አንኳኳ። ሰውየው መኪና ያውቃል። ኮፈኑን ከመክፈቱ በፊት በምሥራቅ አፍሪካ ስለሚካሄደው የመኪና ውድድር፣ ስለ ሳፋሪ ራሊ አወራልኝ፦ 404 በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 እ.ኤ.አ. እንዳሸነፈ፣ 504 ደግሞ በ1975፣ ባለ ስድስት ሲሊንደሩ ኩፔ በ1978 ድሉን እንደደገመው። ሁሉም እውነት ነው። አባቴም ይህንኑ ታሪክ ይነግረኝ ስለነበር ልቤ ተከፈተ። ታሪኩን ያወቀ ሰው ሞተሩን የሚያከብር መሰለኝ።

ሞተሩን አስነስቶ ጥቁሩን ጭስ አሳየኝና «ወንድሜ፣ ፖምፓው ሞቷል። በዚህ አገር የሚጠግነው የለም። ሁለት የዌበር ካርቡሬተር ላስገባልህ፤ ፒስተኑንና እርሱ የሚመላለስበትን ቱቦ፣ ካሚቻውንም አብረን እንለውጥ፤ እንደ ራሊ መኪና ትሆናለች» አለኝ። ዋጋው በጅምላ 185,000 ብር ሆነ። የእጅ ዋጋ፣ ፒስተን፣ ካሚቻ፣ የቴስታታ (የሞተሩ የላይ ክዳን) ጓርኒሲዮን፣ ካርቡሬተር፣ ሁሉም በአንድ ድምር። እያንዳንዱ ስንት እንደሆነ ስጠይቀው «ሙሉ ዕቃ ነው፣ አይነጣጠልም» አለ። እዚህ ላይ መቆም ነበረብኝ። በብጣሽ ወረቀት ላይ «ሙሉ ዕቃ» ብሎ ጽፎ ፈረመልኝ፤ መቶ ሺህ ብር ቅድሚያ ከፈልኩ። የሸማቾች ጥበቃው አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ ለሸጠው ዕቃ ደረሰኝ እንዲሰጥ ያስገድዳል፤ እኔ ግን የማስገደድ መብቴን በራሴ እጅ ተውኩት። በኋላ አቤት ልል ስሄድ የያዝኩት ብጣሽ ወረቀት የምን ዕቃ እንደሆነ እንኳ የማይናገር ሆነ።

ቀጥሎ የሆነውን በደንብ አስተውሉ፤ የተሸነፍኩት እዚህ ነው። ዕቃው በታሸገ ካርቶን መጣ። ካርቶኑ ላይ 504 ይላል። እኔ ግን ስፋት መለኪያ ካሊፐር አለኝ፣ ፒስተኑን ለካሁት። የ1971 ሲሲው ሞተር ፒስተን ስፋቱ 88 ሚሊ ሜትር ነው፤ የመጣልኝ 84 ነበር። ይህ የመጀመሪያው፣ የ1796 ሲሲው ሞተር ልክ ነው። ሁለቱም 504 ናቸው፤ ካርቶኑ አልዋሸም፣ እኔም ዝም ብዬ ብቀበል ኖሮ ስህተቱ የሚታወቀው ሞተሩ ከተፈታ በኋላ ነበር። ነጋዴው ሳይከራከር ይቅርታ ጠይቆ በሦስተኛው ቀን ትክክለኛውን አመጣ። በዚያች ቅጽበት ራሴን እንደ ንቁ ገዢ ቆጠርኩ፤ እርሱንም እንደ ታማኝ። አንዱን ጉድለት ስለያዝኩ ሌላ የለም ብዬ ካሊፐሬን ሳጥን ውስጥ መለስኩ። ፖምፓውን ፈትቶ ሲወስድ አንዲት ቃል አልተናገርኩም።

አሁን ስለ ፖምፓው ልንገራችሁ፤ ሰው ያለውን ሳያውቅ ነው የሚዘረፈው። ኩገልፊሸር የሚባል የጀርመን ኩባንያ ሥራ ነው። ቢ ኤም ደብልዩ 2002 ቲ አይ አይ ላይ ያለው የዚሁ ቤተሰብ ነው። ውስጡ ቤንዚኑን የሚገፉ አራት ቀጫጭን ገፊዎች አሉ፣ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር አንድ። ምን ያህል ቤንዚን እንደሚረጩ የሚወስነው እንደ ሾጣጣ ቅርጽ የተቀረጸ ብረት ሲሆን፣ የእግር ነዳጅ መስጫውና የሞተሩ ፍጥነት እያዞሩና እያንሸራተቱ ያዙታል። ኮምፒውተር የለውም፣ የኤሌክትሪክ ስሌት የለውም፤ የሚሠራው በብረት ብቻ ነው። ስለዚህ ሊያልቅ ይችላል እንጂ እንደ ዘመኑ ኮምፒውተር ድንገት «አይሞትም»፤ ይፈታል፣ ይጸዳል፣ ይለካል፣ ይመለሳል። መመረቱ ካቆመ ዘመን ስላለፈው ደግሞ በአውሮፓ አሮጌ መኪና የሚያድሱ ሰዎች እንደ ወርቅ ነው የሚፈልጉት።

ካርቡሬተሮቹስ? የዌበርን ስም የተሸከሙ ቅጂዎች ነበሩ። ኤድዋርዶ ዌበር በ1923 እ.ኤ.አ. ቦሎኛ ውስጥ ያቋቋመው ፋብሪካ ስም ዓለም የሚያከብረው ስለሆነ አስመሳዮቹ ይወዱታል። የእኔዎቹ ላይ ፊደሉ ወጣ ገባ ነው፤ ቤንዚን የሚያልፍባቸው ትንንሽ የነሐስ ቀዳዳዎች ላይ መኖር የነበረበት የመጠን ቁጥር የለም፤ የአየር ክዳኑን የሚያዞረው ዘንግ ደግሞ በጣት ሲነኩት ይወዛወዛል። በዚያ ክፍተት አየር ስለሚገባ ሞተሩ ቆሞ ሲሠራ አንድ ዓይነት ድምፅ አይሰጥም። የነሐስ ቀዳዳው ቁጥር ከሌለው ደግሞ ማስተካከል በግምት ነው። ድሬዳዋ 1200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ሐሮማያ ስትደርሱ 2000 ሜትር አካባቢ ናችሁ። አየሩ ሲሳሳ እዚህ የተስተካከለው ካርቡሬተር እዚያ ቤንዚን ያበዛል። በሙቀቱ ወር ደግሞ ሌላ መከራ አለ፦ የቤንዚን ቀላሉ ክፍል በ40 ዲግሪ አካባቢ መትነን ይጀምራል፤ ካርቡሬተሮቹ ያለ ሙቀት መከላከያ ከሞተሩ ጋር ስለታሰሩ ከዚራ ሰፈር ላይ አሥር ደቂቃ አቁሜ ስመለስ መኪናዋ አትነሳም ነበር። በፖምፓዋ ዘመን ይህን ችግር አንድ ቀን አላየሁም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ደንገጎ ላይ ሞቃ ቆመች። የዘይቱን መለኪያ ዘንግ ስመዝዘው ዘይቱ የወተት ቡና መስሏል። በገመድ አስጎትቼ ሐረር ወሰድኳት፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ ፔጆ ሲፈቱ የኖሩ አንድ አዛውንት መካኒክ ዘንድ። ሐረርን የሚያውቅ ሰው የ404 ታክሲዎቿን ያውቃል፤ የእርሳቸው እጅ በእነዚያ ላይ የተፈተነ ነው። ቴስታታውን ሳያወርዱ «ልጄ፣ ቴስታታው በወረደበት ጊዜ ሞተሩን ያዞረ ሰው ነበር?» ብለው ጠየቁኝ። ነበር። የነጋዴው ረዳት ሁለት ጊዜ ሲያዞረው በዓይኔ አይቻለሁ። የፔጆው ካሚቻ በዙሪያው ውሃ የሚፈስበት ነው፤ ከታች በቀጭን መዝጊያ ላይ ተቀምጦ ከላይ ቴስታታው ተጭኖት ነው የሚጸናው። ቴስታታው በሌለበት በማሰሪያ ካልተያዘ ፒስተኑ ሲወጣ ካሚቻውን ይዞት ይነሳል፤ መዝጊያው ይላቀቃል፤ ውሃው ዘይት ውስጥ ይገባል። በቤታችሁ ይህን ሞተር የምትፈቱ ካላችሁ፣ አራት ብሎንና አራት ሰፋፊ ሮንዴላ (የብሎን ቀለበት) ይበቃችኋል፤ ካሚቻዎቹን ሳታስሩ ሞተሩን በጣት እንኳ አታንቀሳቅሱ።

ከዚያ ስለ ጥቁሩ ጭስ ጠየቅኋቸው። ፖምፓው ላይ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ቤንዚን የሚጨምር፣ ሲሞቅ ደግሞ የሚቀንስ ክፍል እንዳለ፣ እርሱ ሲደርቅ ሞተሩ ሁልጊዜ ቀዝቃዛ እንደሆነ ቆጥሮ ቤንዚን እንደሚያበዛ ነገሩኝ። ከነዳጅ መስጫው ወደ ፖምፓው የሚሄዱት ዘንጎች መጋጠሚያቸው ሲላላም ልኩ ይዛባል። «ግማሽ ቀን ሥራ ነበር» አሉኝ። «ጋሼ፣ ፖምፓውን ሸጥኩት» ስላቸው ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ ዝምታ ይልቅ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከአንድ ወር በኋላ ፖምፓውን አየሁት። አንድ የአጎቴ ልጅ በውጭ አገር አሮጌ መለዋወጫ ከሚሸጥበት ገበያ ፎቶውን ላከልኝ። አባቴ አንድ ጊዜ ፈትቶ ሲገጥመው እንዳይሳሳት ጎኑ ላይ በሞረድ የጫራቸው ሁለት አጫጭር መስመሮች በግልጽ ይታያሉ። የተጠየቀበት ዋጋ 1600 ዩሮ ነው። በብር ስትመልሱት እኔ ለዚያ ሁሉ ዕቃና ሥራ ከከፈልኩት ይበልጣል። ነጋዴው ካርቡሬተር ሊሸጥልኝ አልነበረም የመጣው፤ ፖምፓ ሊገዛ ነበር፤ ለዚያም እኔው ከፈልኩት።

ስለዚህ የምለምናችሁ ይህን ነው። ከመኪናችሁ የወረደ ማንኛውም አሮጌ ክፍል፣ የተሰበረም ቢሆን፣ ግቢያችሁን ለቆ አይውጣ። በጨርቅ ጠቅልላችሁ ሳጥን ውስጥ አስቀምጡት፤ ቁጥሩን ፎቶ አንሡ። ሻጭ አሮጌውን ዕቃ ካልወሰድኩ አልሸጥም ካለ፣ የሚፈልገው እርሱን ነውና ሸኙት። ዋጋው በዕቃ በዕቃ ተዘርዝሮ ደረሰኝ ካልተቆረጠ ቅድሚያ ክፍያ አትክፈሉ። ካርቶኑ በፊታችሁ ይከፈት፤ ከመጀመሪያው ዕቃ እስከ መጨረሻው ለኩ፣ የመጀመሪያው ጉድለት ሲገኝም መለካታችሁን አታቁሙ።

ደንገጎ ላይ የሚሞቅባችሁ ካለ ደግሞ ለማሻሻያ ከመክፈላችሁ በፊት የማቀዝቀዣውን ማራገቢያ እዩ። የፔጆ ማራገቢያ ውሃው ሲሞቅ በኤሌክትሪክ ማግኔት የሚያያዝ ነው፤ የማግኔቱ ትንሽ የከሰል ቁራጭ ስታልቅ ማራገቢያው በነፋስ ብቻ እየተንገዋለለ ይቀራል፣ ከሩቅ ላየው ግን የሚሠራ ይመስላል። ቴርሞስታቱንም «ሙቀት ያመጣል» ብሎ አውጥቶ የሚጥለውን አትስሙ። ድስት ውስጥ ውሃ አፍልታችሁ ንከሩት፤ ውሃው ሲሞቅ ከተከፈተ ደኅና ነው።

አዛውንቱ መካኒክ ካሚቻዎቹን አውርደው መዝጊያዎቹን ለውጠውልኛል፤ ሞተሩ አሁን ጤነኛ ነው፤ በቅጂ ካርቡሬተር እያነከሰ ይሄዳል። ፖምፓ እየፈለግሁ ነው። በዚህ ሰሞን ያ ነጋዴ ቀጠሮ የያዘላችሁ ካላችሁ ቅዳሜ ድረስ አቆዩት፤ ካሊፐሬን ይዤ እመጣለሁ። ጎኑ ላይ ሁለት የሞረድ መስመር ያለበት ፖምፓ በአካባቢያችሁ ካያችሁ ደግሞ፣ የማን እንደነበረ አሁን ታውቃላችሁ።