የፌንጣ ቅኝት፦ በመረብ መያዝ ወይስ በቀለበት መቁጠር?

አንድ አካባቢ ምን ዓይነትና ምን ያህል ፌንጣ እንዳለው ለማወቅ ሁለት የተለመዱ መንገዶች አሉ። አንዱ ሳሩን በመረብ እየጠረጉ መያዝ ነው። ሌላው ስፋቱ የታወቀ ቀለበት መሬት ላይ አስቀምጦ ውስጡ ያሉትን መቁጠር ነው።

የመረብ ትልቁ ጥቅም ፌንጣው እጅ መግባቱ ነው። ብዙ ዝርያዎች ከሩቅ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ። አንዳንዶቹን የሚለያቸው የወንዱ የመራቢያ አካል ቅርፅ ብቻ ነው። መረብ ግን ያዳላል። ባዶ መሬት ላይ የሚውሉትን ይስታል፤ ጎበዝ በራሪዎችም ያመልጡታል። በጠዋት ብርድና በቀትር ሙቀት የሚያዘው ቁጥርም አይመሳሰልም።

ቀለበት በካሬ ሜትር ስንት ፌንጣ እንዳለ ይነግረናል። ፀረ ተባይ ይረጭ ወይስ ይቅር ለሚለው ውሳኔ ገበሬው የሚፈልገው ይህንን ነው። ቀለበቶቹን ቀድሞ አስቀምጦ፣ ቆይቶ ቀስ ብሎ መመለስ ይሻላል። አለዚያ ፌንጣው ደንግጦ እየዘለለ ይሄዳል። ብርቅ ዝርያ ግን በቀለበት እምብዛም አይገኝም።

ለብዝኃ ሕይወት ጥናት እኔ መረቡን እመርጣለሁ። ለተባይ ክትትል ግን ያለ ቀለበት አይሆንም፤ በተለይ ኩብኩባው (ገና ያልደረሰው ፌንጣ) ክንፍ ሳያወጣ። ሰብል የሚያጠፉት ጥቂት ዝርያዎች ናቸው። ሳይለዩ ሁሉንም መርጨት በጣም ያሳዝነኛል።