የሸክላ ማጫወቻ ላላችሁ ሁሉ፦ እኚህን ባለሙያ እወቋቸው

ሰላም ወገኖች። ዛሬ የምጽፈው አንድ ሰው ለማመስገን ነው። የሸክላ ማጫወቻ ይጠግናሉ። ስማቸውን እንዳላወጣ አደራ ስላሉኝ፣ ሁልጊዜ እንደምጠራቸው ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ።

ከውጭ የሚመጣ የጃዝ ሸክላ የምትሰበስቡ ሰዎች ኑሯችንን ታውቁታላችሁ። ጥቅሉ መንገድ ላይ እያለ የት ደረሰ እያልን ጠዋት ማታ ስልክ መነካካት ነው። ሲደርስ መጀመሪያ የምንዳስሰው ማዕዘኑን ነው፣ ተቀጥቅጦ እንደሆነ። ሻጩ ሥራውን የሚያውቅ ከሆነ ሸክላውን ከሽፋኑ አውጥቶ ከጀርባው ለብቻው ያሽገዋል። ካላደረገው ሸክላው በጉዞው ሲንገጫገጭ የሽፋኑን ጠርዝ ይቀደዋል። ቀጥሎ መብራት ስር ወስደን ዜማው ካለቀ በኋላ መሃል ላይ በቀረው ባዶ ቦታ የተቀረጸውን እናነባለን። ብሉ ኖት የሚባለው የአሜሪካ የጃዝ አሳታሚ ሸክላ ከሆነ፣ የድምፅ ቀራጩ የሩዲ ቫን ጌልደር ማኅተም አለ ወይ? ጆሮ የምንላት ትንሽ ምልክትስ? ያቺ ጆሮ ሸክላውን ያትም የነበረው የፕላስቲላይት ፋብሪካ ምልክት ናት፤ እ.ኤ.አ. እስከ 1966 ድረስ እዚያ በታተሙት ላይ ትገኛለች። የጃፓን እትም ሲሆን ደግሞ ኦቢው፣ ማለትም ሽፋኑን በጎን የሚያቅፈው የወረቀት ቀበቶ፣ ሳይቀደድ መድረሱን እናያለን። ውስጡ ያለውን የጃፓንኛ ማብራሪያ አንብቤ አልረዳውም። ግን አንድም ቀን ጥዬው አላውቅም።

ይህን ሁሉ የምናደርገው አንድ ምሽት ቁጭ ብለን ለመስማት ነው። ማጫወቻው ልክ ካልሆነ ግን የቱም እትም ቢመጣ ዋጋ የለውም። የጋሼ ውለታም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ማጫወቻዬ ያገለገለ ነው፤ ከጃፓን ነው ያስመጣሁት። በ100 ቮልት የሚሠራ በመሆኑ 220ውን የሚያወርድ ትራንስፎርመር አብሬ ገዛሁ። ሰካሁት፣ ዞረ። ድምፁ ግን ሌላ ሆነ። አልቶ ሳክስፎኑ ከሱ ወፈር ያለ ድምፅ ያለውን ቴነር ሳክስፎን መሰለ። ባሱ ይጎተታል። ፈጣኑ ዜማ መካከለኛ፣ ባላዱ ደግሞ የለቅሶ ያህል ዘገየ። የሚያውቁትን ሶሎ እንደዚያ መስማት ያማል። የማውቀው ሰው ፊቱ ተለውጦ የመጣ ያህል ነው የተሰማኝ።

አንድ ጥገና ቤት ወሰድኩት። ቺንጋው ረግቧል ተብሎ ተቀየረ። ምንም ለውጥ የለም። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ሞተሩ ደክሟል፣ ይህ ዕቃ አልቆለታል፣ አዲስ ግዛ ተባልኩ። ተስፋ ልቆርጥ ስል ነው አንድ ወዳጄ ወደ ጋሼ የላከኝ።

ጋሼ ገና ሳይፈቱት ገልብጠው ከስሩ የተለጠፈችውን ጽሑፍ በመነጽር አነበቡ። «ልጄ፣ ይሄ ሞተር ለ60 ሄርዝ የተሠራ ነው። አንተ ቤት ያለው መብራት 50 ነው። ትራንስፎርመሩ ቮልቱን እንጂ ሄርዙን አይቀይርልህም» አሉኝ። በቃ፣ ችግሩ ይኸው ነበር። ሄርዝ ማለት መብራቱ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ የሚነግረን ቁጥር ነው።

ከውጭ ማጫወቻ ለማስመጣት ያሰባችሁ እዚህ ላይ ልብ በሉ። በድሮዎቹ የቺንጋ ማጫወቻዎች በብዙዎቹ ላይ ያለው ሞተር የሚዞረው በመብራቱ ሄርዝ ልክ ነው። ከ60 ወደ 50 ሲወርድ ፍጥነቱ በስድስት እጅ አንድ እጅ ይቀንሳል። በደቂቃ 33⅓ ጊዜ መዞር የነበረበት ሸክላ 28 እንኳ አይሞላም። የ5 ደቂቃው ዜማ 6 ደቂቃ ይፈጃል፣ ድምፁም በአንድ ቶን ተኩል ያህል ይወርዳል። አልቶው ቴነር የመሰለኝ ለዚህ ነው። ጃፓን ራሷ ደግሞ ለሁለት የተከፈለች ናት፤ በቶኪዮ በኩል ያለው ምሥራቁ 50፣ በኦሳካ በኩል ያለው ምዕራቡ 60 ሄርዝ ነው። ስለዚህ «ከጃፓን ነው» ማለት ብቻውን አይበቃም። ከመግዛታችሁ በፊት ሻጩን የስሩን ጽሑፍ ፎቶ ጠይቁት። በዲሲ ሞተር ወይም በኳርትዝ የሚሠሩት ይህ ጣጣ የለባቸውም፤ ለእነሱ ትክክለኛውን ቮልት ማግኘት ይበቃቸዋል።

መፍትሔው ቺንጋው የሚጠመጠምበትን ፑሌጃ መቀየር ነበር። ሞተሩ ቀስ ብሎ ስለሚዞር ፑሌጃው በዚያው ልክ መወፈር አለበት። ለኔ ሞዴል የሚሆን ባለ 50 ሄርዝ ፑሌጃ ተፈልጎ ጠፋ። ጋሼ አሮጌውን በካሊፐር ለኩ፣ ወረቀት ላይ አሰሉ፣ ከዚያ ከናስ በቶርኖ አስወጡት። የመጀመሪያው ሲገጠም ጥቂት አነሰባቸው። እኔ ይበቃኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን አሻፈረኝ ብለው ሌላ አስወጡ።

ፍጥነቱን እንዴት እንዳረጋገጡ ልንገራችሁ፤ እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም። 180 መስመር የታተመበት ክብ ወረቀት ሸክላው የሚቀመጥበት ሳህን ላይ አኖሩ። በቀጥታ ከመብራቱ የምትሠራ ትንሽ የኒዮን አምፖል አስጠጉበት። አምፖሏ በሰከንድ 100 ጊዜ ትበራለች ትጠፋለች፣ ዓይናችን ግን አያየውም። ሳህኑ በትክክል 33⅓ ሲዞር እነዚያ መስመሮች የቆሙ ይመስላሉ። ከዘገየ ወደ ኋላ፣ ከፈጠነ ወደ ፊት ይሄዳሉ። በመጀመሪያው ፑሌጃ መስመሮቹ ቀስ እያሉ ወደ ኋላ ይሳቡ ነበር። በሁለተኛው ቀጥ አሉ። ጋሼ ቀና ብለው አዩኝና «አሁን ስማው» አሉኝ።

ይዤ የሄድኩት የጃዝ ትራምፔት ነፊውን የማይልስ ዴቪስን አልበም «ካይንድ ኦፍ ብሉ» ነበር፣ የድሮውን የአሜሪካ እትም። ትንሽ ኪቦርድም ይዣለሁ፣ ከድምፁ ጋር ላመሳክር። ሁለተኛውን ፊት አጫወትነው፣ ልክ ነው። የመጀመሪያውን ፊት ስናጫውት ግን ከኪቦርዱ ትንሽ ከፍ ይላል። ጋሼ ጃዝ አዳማጭ አይደሉም። ትንሽ አሰብ አደረጉና «ማሽኑ አንድ ነው። አንዱ ፊት ልክ ሆኖ ሌላው ከፍ ካለ፣ ጥፋቱ እዚህ ሳይሆን እዚያው የተቀዳበት ነው» አሉ።

እውነታቸውን ነው! የአልበሙ የመጀመሪያ ፊት የተቀዳው የካቲት ወር ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. ማርች 2 ቀን 1959 ነው። ያን ቀን ዋናው የቴፕ መቅረጫ ከልኩ ቀስ ብሎ ይዞር ነበር። በዝግታ የተቀዳ ነገር በትክክለኛው ፍጥነት ሲጫወት ከፍ ይላል። የተስተካከለው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው፣ ያን ቀን አብሮ ይቀዳ ከነበረው ሌላ ቴፕ። ሰብሳቢዎች በየመጽሔቱ ሲያነቡት የኖሩትን ነገር ጋሼ አንድ መስመር ሳያነቡ ደረሱበት። እኔ በዚያች ቅጽበት ነው ማጫወቻዬን ለእሳቸው ብቻ እንደምሰጥ የወሰንኩት።

በዚያው መርፌውን በማይክሮስኮፕ አዩልኝ። አልተበላም፣ አትቀይር አሉኝ። መርፌ መሸጥ ይችሉ ነበር እኮ። መርፌው ሸክላው ላይ የሚያርፍበትን ክብደት ፋብሪካው ባዘዘው ልክ በትንሿ ሚዛን አስተካከሉ፣ መርፌው የተገጠመበትን ካርትሪጅም ቀጥ አድርገው አሰሩት። ከዚህ በፊት የነሐስ መሣሪያዎች ድምፅ ሸክላው ወደ መሃል ሲጠጋ ይሻክርብኝ ነበር። ሸክላው ያረጀ ይመስለኝ የነበረው ነገር አብዛኛው ጠፋ።

ሌላም ውለታ አለ። እ.ኤ.አ. የ1950ዎቹ የጃዝ ሸክላዎች በብዛት ሞኖ፣ ማለትም ባለ አንድ ቻናል ድምፅ ናቸው፤ ባለ ሁለት ቻናሉ ስቴሪዮ ሸክላ ገበያ ላይ በሰፊው የወጣው እ.ኤ.አ. ከ1958 ጀምሮ ነው። በሞኖ ሸክላ ላይ ሙዚቃው ያለው መርፌው ወደ ግራና ቀኝ በሚያደርገው እንቅስቃሴ ብቻ ነው። ወደ ላይና ወደ ታች ያለው ሁሉ የአቧራና የጭረት ድምፅ ነው። የማጫወቻው ግራና ቀኝ ቻናሎች ሲደባለቁ ያ ላይ ታቹ እርስ በርሱ ይጣፋል። ጋሼ ለዚህ የምትሆን አንዲት ማብሪያ ማጥፊያ ከኋላ ገጠሙልኝ። ቫን ጌልደር አሜሪካ፣ ሃከንሳክ ከተማ ውስጥ በወላጆቹ ሳሎን የቀዳቸውን ሸክላዎች አሁን በሞኖ ስሰማ ኮሽኮሽታው በግማሽ የቀነሰ ይመስለኛል፣ ትራምፔቱም መሃል ላይ ቁጭ ይላል። ቫን ጌልደርም በዚያን ጊዜ ቀን ቀን የዓይን መነጽር ባለሙያ ነበር። ጋሼን ከነመነጽራቸው ማሽን ላይ ተደፍተው ባየሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

ስለ ሥራ ባሕሪያቸው ልንገራችሁ። ፈጣን አይደሉም። ነገ ካስፈለጋችሁ ሌላ ሰው ፈልጉ። ሥራ ላይ ሆነው ስልክ አያነሱም፤ ማታ ግን ራሳቸው ይደውላሉ። የቀየሩትን አሮጌ ዕቃ በሙሉ በፌስታል አድርገው ይመልሳሉ። የለኩትን ሁሉ በእጃቸው ጽፈው ይሰጣሉ። የማያውቁትን አላውቅም ይላሉ፤ የቫልቭ አምፕሊፋየሬን ስወስድላቸው «እሱ የኔ ሙያ አይደለም» ብለው መልሰውኛል። ሂሳባቸውም የሠሩትን ያህል ብቻ ነው።

የምትሄዱ ከሆነ ማጫወቻውን እንዲሁ አንጠልጥላችሁ እንዳትወስዱ። የመርፌውን ክዳን ግጠሙ፣ ክንዱን እሰሩ፣ ሳህኑንና ከክንዱ ጀርባ ያለውን ክብደት አውጥታችሁ ለየብቻ ጠቅልሉ። ትራንስፎርመር ካላችሁ አብራችሁ ያዙ። በደንብ የምታውቁትን አንድ ሸክላም ጨምሩ፣ በሱ ነው የምትፈትኑት።

ስልካቸውን እዚህ አልለጥፍም። የፈለገ ኢንቦክስ ይጻፍልኝ፣ መጀመሪያ እሳቸውን አስፈቅጄ አገናኛለሁ።

ጋሼ፣ ልጅዎ ይህን እንደሚያነቡልዎት ነግረውኛል። እግዜር ይስጥልኝ። ዕድሜና ጤና ይስጥዎት።