የሬዲዮ ማስታወቂያ ወይስ ሞንታርቦ የጫነ መኪና?

ውኃ ሊቋረጥ ወይም ክትባት ሊጀመር ሲል የባሕር ዳር የመንግሥት ኮሙኒኬሽን ባለሙያ ፊት ለሕዝቡ ማሳወቂያ ሁለት መንገድ አለ።

ሬዲዮ የሚያስከፍለው በማስታወቂያው ርዝመትና በሚተላለፍበት ሰዓት ነው። ጽሑፉ ከ30 ሰከንድ ሲያልፍ ክፍያው ይንራል፣ አድማጩም ቀኑን ይረሳዋል። አብዛኛውን ጊዜ የሚያስረዝመው የኃላፊው ስምና ማዕረግ ነው፤ ይውጣ! የሕዝብ ገንዘብ ነው። መጀመሪያ ቀበሌው፣ ቀጥሎ ቀኑና ሰዓቱ፣ ከዚያ ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት። ደቅ ደሴት ላለ ሰው ደግሞ ሬዲዮ ግድ ነው፤ መኪና ጣናን አይሻገርም።

የሞንታርቦው መኪና ርካሽ ይመስላል። ነዳጁ፣ የሾፌሩና የአስነጋሪው አበል፣ የማጉያው ኪራይ ሲደመር ግን ለሰፊ ከተማ ይከብዳል። ሾፌሩ ከእግረኛ እርምጃ ከፈጠነ ነዋሪው የሚሰማው ግማሹን ብቻ ነው። ስለዚህ በየመስቀለኛው ቆሞ ሁለት ጊዜ ማንበብ ያስፈልጋል፤ ገበያ መሀል ግን ጫጫታው ይውጠዋል።

ጉዳዩ የአንድ ወይም የሁለት ቀበሌ ከሆነ መኪናውን እንመርጣለን፤ ሬዲዮ የማያዳምጠውንም በሩ ድረስ ሄዶ ያገኘዋል። ከተማውን ሁሉ የሚነካ ከሆነ ሬዲዮ ይሻላል። ቀኑ ቢቀየር በሬዲዮ አንድ መስመር ማረም ይበቃል፤ መኪናው ግን ያንኑ መንገድ እንደገና መዞር አለበት።