ካቢኔት ከመለካቱ በፊት እቃ ላስመረጠን ባለሙያ፦ ምስጋናና ጥቆማ

ኩሽና ልታሳድሱ ያሰባችሁ ሁሉ ይህን አንብቡልኝ። የእናቴን ኩሽና የሠራልን አንድ የካቢኔት ባለሙያ አለ፤ ወርክሾፑ ገርጂ አካባቢ ነው። ሳላስፈቅደው ስሙንና ስልኩን አደባባይ ማውጣት ስለማልፈልግ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ እሰጣችኋለሁ።

መጀመሪያ ስንጠራው ሜትሩን ከኪሱ እንኳ አላወጣም። «ፍሪጃችሁ የትኛው ነው? ስቶቩ ይቀየራል? ምጣዱስ የት ነው የሚቀመጠው?» ብሎ ጠየቀ። ገና እንዳልወሰንን ነገርነው። «እንግዲያው መጀመሪያ እቃውን ምረጡ። አሁኑኑ ግዙ አላልኩም፤ ሞዴሉንና ልኩን ብቻ ያዙልኝ» ብሎን ሄደ። ቀብድ ልንሰጠው ተዘጋጅተን ነበር፣ አልተቀበለም። እኔ ያኔ ነው ያመንኩት።

ነገሩ ግልጽ ነው። ካቢኔት የሚሠራው በሴንቲሜትር ነው። ቢልት ኢን ኦቨን (ካቢኔት ውስጥ የሚገጠመው) ብዙውን ጊዜ የሚሠራው ለ60 ሴንቲ ክፍተት ነው። ፍሪጅ ግን እንደዚያ አይደለም፤ 55 ሴንቲም አለ፣ 90 ሴንቲም አለ። በዚያ ላይ ፍሪጁ ከጎንና ከኋላ አየር ይፈልጋል። ግድግዳ ጥግ ከተለጠፈ ደግሞ በሩ እስከ መጨረሻ አይከፈትም፣ የአትክልት መሳቢያውም አይወጣም። ግራናይት ከተቆረጠ በኋላ ይህን ማስተካከል ከባድ ወጪ ነው።

ከሁሉ በላይ ልቤን የነካው ግን የምጣዱ ጉዳይ ነው። ዘመናዊ ኩሽና እናሠራለን ሲባል ምጣድ ወደ በረንዳ መጣሉ የተለመደ ነው። ከካታሎግ የተቀዳ ኩሽና ምጣድ አያውቅማ! እሱ ግን እናቴን ጠርቶ «እማማ፣ እስኪ ሊጡን እንደሚያፈሱ ሆነው ያሳዩኝ» አላት። እሷም ጆግ ይዛ አሳየችው፤ እጇን ከጫፍ እስከ መሃል እያዞረች። የተለመደው ጠረጴዛ 90 ሴንቲ ገደማ ነው። ለሽንኩርት መክተፊያ ጥሩ ነው፤ ምጣድ ሲቀመጥበት ግን ከፍ ይልና ክንድ ያደክማል። ስለዚህ የምጣዱን ቦታ ዝቅ አድርጎ፣ መስኮቱ ሥር፣ ከፍሪጁ አርቆ ሠራው። ሙቀት አጠገብ ያለ ፍሪጅ ሞተሩ ዕረፍት ያጣል። ሰፌድ የሚያርፍበትና እንጀራው የሚበርድበት ቦታም አልረሳም። አክምባሎው ሲነሳ እንፋሎቱ የላይኛውን ካቢኔት እንዳይጎዳው ከምጣዱ በላይ ያለውን ባዶ ተወው። እዚያ ላይ ካቢኔት ቢጨምር እኮ ተጨማሪ ገንዘብ ያገኝ ነበር።

አብሮት የሚሠራው ኤሌክትሪሺያንም ምስጋና ይገባዋል። እሱም እቃዎቹ ሳይታወቁ ሽቦ አልዘረጋም። የኤሌክትሪክ ምጣድ እንደ ዓይነቱ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል። በእኛ 220 ቮልት 3.5 ኪሎዋት ማለት ወደ 16 አምፒር ነው። የተለመደው ሶኬት ጣሪያውም ያው 16 ነው። ለሰዓታት ሲጋገርበት ሶኬቱ ቢግል ታዲያ ምን ይገርማል? ለምጣዱ ባለ 4 ካሬ ሚሊሜትር ወፍራም ገመድ ለብቻው ከብሬከር ሳጥኑ ሳበለት፣ የራሱንም ብሬከር ሰጠው። ኦቨኑም የራሱ መስመር አለው። ምጣድን በዲቫይደር የምትጠቀሙ ካላችሁ፣ እባካችሁ ዛሬውኑ አቁሙ። እኔ ኢንዳክሽን ስቶቭ (በማግኔት ድስቱን ራሱን የሚያግለው የኤሌክትሪክ ስቶቭ) አምሮኝ ነበር። ባለ አራት ምድጃው ሁሉም ሲበራ ወደ 7 ኪሎዋት ሊደርስ እንደሚችል ነገረን። የቤቱ ቆጣሪ ሲንግል ፌዝ (በአንድ መስመር ብቻ ኃይል የሚያስገባ) ስለሆነ ይህን ከሌላው እቃ ጋር መሸከም ይከብደዋል፣ መብራትም ይጠፋል። ስለዚህ ግማሽ ጋዝ፣ ግማሽ ኤሌክትሪክ የሆነውን መረጥን።

ጋዝ ሲመረጥ ደግሞ ሲሊንደሩ ቦታ ይፈልጋል። የማብሰያ ጋዝ ከአየር ይከብዳል። ቢያፈተልክ ወደ ታች ነው የሚተኛው። ካቢኔት ሠሪያችን ሲሊንደሩን ከኦቨኑ አርቆ አስቀመጠና ከካቢኔቱ ግርጌ ወደ ውጭ የሚያስተነፍስ ቀዳዳ በሳ። ይህን ማንም አልጠየቀውም።

ስለ ሁድም (ከስቶቩ በላይ ሆኖ ጭስ ስለሚስበው) አንድ ነገር ልበል። ጭሱን በከሰል ፊልተር አጣርቶ እዚያው ቤት ውስጥ የሚመልስ አለ፤ በቱቦ ወደ ውጭ የሚያወጣም አለ። ቁሌት በየቀኑ በሚቁላላበት፣ ቅቤ በሚነጠርበት ቤት ሁለተኛው ነው የሚያዋጣው። ግድግዳው የሚበሳው ሴራሚክ ከመለጠፉ በፊት ስለሆነ ሁዱም ቀድሞ መመረጥ አለበት።

እህቴ ከሜሪላንድ ማይክሮዌቭ ልትልክልን ነበር። የአሜሪካው የሚሠራው በ120 ቮልት ነው፤ በቀጥታ የእኛ ሶኬት ላይ ቢሰካ ይቃጠላል። ለእሱ የሚሆን ትራንስፎርመር ደግሞ ከባድ ነው፣ ጠረጴዛውንም ይይዛል። ባለሙያው ይህን በትህትና አስረዳንና እዚሁ ገዛን።

እቃ ማጠቢያ ማሽን አሁን አልገዛንም፤ ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ግን 60 ሴንቲ ቦታ፣ የውሃ መስመርና ሶኬት ተዘጋጅቶለታል። እስከዚያው ተነቃይ መደርደሪያ ገብቶበት ድስት እናስቀምጥበታለን።

ሥራው ጥንቁቅ ነው፤ ፈጣን ግን አይደለም። ለበዓል ይድረስልኝ የምትሉ ከሆነ ቀደም ብላችሁ ያዙት። ክፍያውን በየደረጃው ነው የሚቀበለው፤ ኤምዲኤፍ (ካቢኔቱ የሚሠራበት የታመቀ የእንጨት ቦርድ) እና የበር ማጠፊያ ሲገዛም ደረሰኙን ያሳያል። ወንድሜ፣ ይህን ካነበብከው እጅህ ይባረክ። እናቴ በጋገረች ቁጥር ታነሳሃለች።

ከመደወላችሁ በፊት የምትፈልጓቸውን እቃዎች ሞዴልና ልክ ያዙ። የቆጣሪያችሁንና የብሬከር ሳጥናችሁን ፎቶም አንሱ። የቤቱን በርና የደረጃውን ስፋት ለኩ፤ ትልቅ ፍሪጅ የማያስገባ ደረጃ ብዙ ነው። ከሰዓት በኋላ ደውሉለት፤ ጠዋት ማሽን ላይ ስለሚሆን ስልክ አይሰማም።