ከአሜሪካ የመጣ ማጫወቻዬን ልኩን ላስያዙልኝ ጋሼ

የጃዝ ሸክላ ለምትሰበስቡ፣ በተለይ ማጫወቻችሁ አላስደስት ላላችሁ፣ አንድ ባለሙያ ልጠቁማችሁ። እግረ መንገዴንም በአደባባይ ላመሰግናቸው እወዳለሁ። ስማቸውንና የሱቃቸውን ቦታ እንዳልጽፍ ለምነውኛል። ብቻቸውን ስለሚሠሩ ሰው በአንዴ እንዳይበዛባቸው ይሰጋሉ። እኛ ደንበኞቻቸው ጋሼ ነው የምንላቸው፤ እዚህም እንደዚያው ልጥራቸው። (የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ወንድሜ ከዋሽንግተን ሲመጣ ያመጣልኝ በቺንጋ የሚዞር የድሮ ማጫወቻ ነው። ትራንስፎርመር ገዝቼ 220 ቮልቱን ወደ 110 አወረድኩለት። ሳህኑ ዞረ፤ ድምፁ ግን ከበደ። የጆን ኮልትሬን ቴነር ሳክስፎን ባሪቶን መሰለኝ። መጀመሪያ ያሳየሁት ጠጋኝ ትራንስፎርመሩ አቅም አንሶት ነው ብሎ ትልቅ አስገዛኝ፤ ምንም ለውጥ የለም። ጋሼ ግን ገና ብሎን ሳይፈቱ ከጀርባው ያለውን ጽሑፍ በመነጽር አነበቡና “60 ኸርዝ ይላል፤ የኛ መብራት 50 ነው” አሉኝ። ኸርዝ ማለት ኤሌክትሪኩ በሴኮንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ ነው።

ይህን በደንብ ላስረዳ፣ ምክንያቱም ከአሜሪካ ማጫወቻ ያስመጣ ብዙ ሰው ሳያውቀው ከዚህ ችግር ጋር ይኖራል። ትራንስፎርመር ቮልቱን ይቀይራል እንጂ የመብራቱን ኸርዝ አይነካም። የኔው ዓይነት ሞተር ደግሞ ፍጥነቱን የሚያገኘው ከኸርዙ ነው። ስለዚህ እዚያ በደቂቃ 33⅓ ጊዜ የሚዞረው ሳህን እዚህ 28 እንኳ አይሞላም፤ 45 የሚዞረውም ወደ 37 ተኩል ይወርዳል። ሙዚቃው መዘግየቱ ብቻ አይደለም፤ ነጩንም ጥቁሩንም የፒያኖ ቁልፍ ብትቆጥሩ ሦስት ቁልፍ ወደ ታች ይወርዳል። ክራር የሚቃኝ ሰው ይህ ምን ያህል እንደሆነ ያውቀዋል።

ጋሼ ከሞተሩ ጫፍ ያለችውን ቺንጋውን የምታዞር ትንሽ ፑሌጃ አውልቀው ለኩና በ20 በመቶ የሰፋች ሌላ ከነሐስ በቶርኖ አስወጡልኝ። ሞተሩ በዘገየበት ልክ ፑሌጃዋ ትካሳለች። ከዚያ ዙሪያውን 180 መስመር ያለበት ክብ ወረቀት ሳህኑ ላይ አድርገው በድሮ ባለ ባላስት ፍሎረሰንት ስር አዞሩት። እንዲህ ያለው መብራት ኸርዙን ተከትሎ ቶሎ ቶሎ ብልጭ ድርግም ስለሚል፣ ፍጥነቱ ልክ ሲሆን መስመሮቹ የቆሙ ይመስላሉ። የአሜሪካው ወረቀት ለ60 ኸርዝ የተሠራ፣ 216 መስመር ያለው ስለሆነ እዚህ አያገለግልም። የናንተ ማጫወቻ እንደ ቴክኒክስ ኤስኤል 1200 ማርክ 2 ፍጥነቱን በራሱ ኤሌክትሮኒክስ የሚቆጣጠር ከሆነ ቮልቱን ማስተካከል ብቻ ይበቃዋል፤ ጋሼም ይህንኑ ነግረው ይመልሷችኋል እንጂ የማያስፈልግ ሥራ አይሠሩም።

ከሁሉ በላይ የማመሰግናቸው ግን በሌላ ነገር ነው። ማጫወቻ የሚያመጣ ሰው መሞከሪያ የሚሆን አንድ ሸክላ አብሮ ያመጣል፣ እቃው እስኪሠራም እዚያው ይተወዋል። ጋሼ ሲሞክሩ ደግሞ ቆራርጠው አያጫውቱም፤ አንዱ ገጽ እስኪያልቅ ይሄዳል። ወረፋ የሚጠብቅ ሁሉ ቁጭ ብሎ የሌላውን ሰው ምርጫ ይሰማል። በበይነ መረብ የሚዞሩትን “መሰማት ያለባቸው የጃዝ አልበሞች” የሚሉ ዝርዝሮች ለዓመታት አንብቤያለሁ፤ አንድም ዝርዝር የዚያን አግዳሚ ወንበር ያህል አላስተማረኝም።

አንድ ቀን የማይልስ ዴቪስ “ካይንድ ኦፍ ብሉ” የቆየ ቅጂ እየተጫወተ ሳክስፎን ነፊ የሆነ ደንበኛ መሣሪያውን አውጥቶ አብሮ ነፋ። “ጋሼ፣ ትንሽ ወደ ላይ ሄዷል” አለ። ሁላችንም ፑሌጃዋን ጠረጠርን። ጋሼ ባለ መስመሩን ወረቀት አስቀመጡ፤ መስመሮቹ ቆመዋል። ሸክላውን ገለበጡት፤ ሁለተኛው ገጽ ከሳክስፎኑ ጋር ገጠመ። ያኔ ነው አንድ ሰብሳቢ ታሪኩን የነገረን። የመጀመሪያው ገጽ ሦስቱም ሙዚቃዎች የተቀዱት ማርች 2 ቀን 1959 ነው፤ የዚያን ቀን የቴፕ መቅጃው ቀስ ብሎ ስለዞረ፣ ቴፑ በኋላ በልኩ ፍጥነት ሲጫወት ሙዚቃው ሸክላው ላይ ፈጥኖ፣ ቃናውም ከፍ ብሎ ወጣ። ሁለተኛው ገጽ በኤፕሪል 22 የተቀዳ ስለሆነ ደህና ነው። ስህተቱ የታረመው በ1992 በወጣው እትም ነው። ይህን አልበም ለመግዛት የምታስቡ ከዚያ ወዲህ የታተመ ብታገኙ ማይልስና ጓዶቹ የተጫወቱትን በትክክለኛው ቃና ትሰማላችሁ። የድሮውን ቅጂ ይዞ አብሮ ለመለማመድ የሚሞክር ተማሪ ግን መሣሪያውን ደጋግሞ ቢቃኝ አይፈረድበትም።

የአሊስ ኮልትሬንን “ጆርኒ ኢን ሳቺዳናንዳ” (1971) የሰማሁትም እዚያው ነው። ይዛው የመጣችው ወጣት ዲዛይነር ነች፤ እኔ የአሊስን ባል የጆን ኮልትሬንን እንጂ የእሷን አንድም ሸክላ አልነበረኝም። ሃርፑ ሲጀምር አጠገቤ የነበሩ አዛውንት “በገና ነው እንዴ?” ብለው ቀና አሉ። ፈሮ ሳንደርስ በሶፕራኖ ሳክስፎን ሲገባ ማንም አላወራም። ጃዝ አይገባኝም ለሚል ሰው ዛሬ የማስቀድመው ይህን ነው።

ከአገራችን ደግሞ ጌታቸው መኩሪያ። በ1972 በፊሊፕስ የወጣውን አልበሙን ስሙት፤ ሽለላውን እንዳለ ወደ ሳክስፎን አምጥቶታል። ሙላቱ አስታጥቄ በዚያው ዓመት ኒውዮርክ ላይ ያሳተመው “ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ” ዋናው ቅጂ ለብዙዎቻችን ኪስ አይደፈርም፤ የለንደኑ ሸክላ አሳታሚ ስትራት በ2017 በድጋሚ ያሳተመው ግን ጥሩ ነው፣ የሞኖ ቅጂውም አብሮት አለ። አምሐ ሪከርድስ ከ1969 እስከ 1975 ካሳተማቸው ትንንሽ ሸክላዎች በቤታችሁ ካሉ ደግሞ እባካችሁ ለነጋዴ ከመስጠታችሁ በፊት አንዴ ጋሼ ጋ አሳጥቧቸው። አቧራ የበላቸው የሚመስሉ ብዙዎቹ የቆሸሹ ብቻ ናቸው።

አጠባቸውም ጥንቃቄ አለው። በተጣራ ውሃና በለስላሳ ብሩሽ መስመሩን ተከትለው ነው የሚያጥቡት። በደቂቃ 78 የሚዞሩትን የጥንት ሸክላዎች ፈጽሞ አልኮል አያስነኳቸውም፤ የተሠሩበትን ነገር ያሟሟዋል። መርፌውን በአጉሊ መነጽር ያያሉ፣ ክብደቱን በትንሽ ሚዛን ፋብሪካው ባለው ልክ ያደርጋሉ። ሸክላ ደራርቦ ያስቀመጠ ሰው ግን ይቆጡታል፤ አቁማችሁ አስቀምጡ።

ዋጋቸውን ሥራ ሳይጀምሩ ይናገራሉ፣ በኋላ አይጨምሩም። ቶሎ ይድረስልኝ ለሚል ሰው አይሆኑም፤ ቶርኖው የሌላ ሰው ስለሆነ ተራ ይጠብቃሉ።

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እጅዎ ይባረክ።

የምትፈልጓቸው በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አስፈቅጄ ስልካቸውን እሰጣችኋለሁ። ስትሄዱ የማጫወቻችሁን ሞዴልና ከጀርባው የተጻፈውን ቮልትና ኸርዝ ፎቶ አንስታችሁ ያዙ፤ አንድ ሸክላም አትርሱ። ከውጭ የምትመጡ ወገኖች ደግሞ ቺንጋና መርፌ እዚህ በቀላሉ ስለማይገኝ፣ ሻንጣችሁ ውስጥ ቦታ ካለ አስቀድማችሁ ንገሩኝ። ጋሼ የሚያስፈልጋቸውን ዝርዝር እልክላችኋለሁ፤ ሒሳቡን እሳቸው ይከፍላሉ።